ጆሮን ከደጁ እስከ ጓዳው፦ በቤት ውስጥ የማወቂያና የመጠበቂያ መመሪያ

«ጆሮዬን አመመኝ» የሚል ሰው የትኛውን እንደሆነ ሲጠየቅ ቀኙን ወይም ግራውን በጣቱ ያሳያል። ከዚህ ይልቅ ሊጠየቅ የሚገባው በዚያው ጆሮ ውስጥ የታመመው የትኛው ክፍል እንደሆነ ነው፤ ምክንያቱም ጆሮ በተርታ የተሠሩ ሦስት ክፍሎች ያሉት ቤት ነው። ደጅ አለው፤ በርና እልፍኝ አለው፤ ጓዳም አለው። ለደጁ የሚበጀው ነገር እልፍኙን ሊጎዳ ይችላል፤ በጓዳው የደረሰ ጉዳት ደግሞ በደጅ በኩል በሚጨመር ዘይትም ሆነ ጠብታ አይደረስበትም። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ወላጆችና የአንደኛ ደረጃ መምህራን ድምፅ የሚሄድበትን መንገድ ተከትለው እያንዳንዱን ክፍል በእጃቸው ባለ ዕቃ እንዲሞክሩትና ችግር ሲመጣ የቱ በቤት፣ የቱ በጤና ጣቢያ እንደሚታይ እንዲለዩ ነው።

ለሙከራዎቹ የሚያስፈልገው አንድ ጎድጓዳ ሳህን፣ ስስ ፌስታል፣ የብር ላስቲክ፣ አንድ ቆንጥር ጤፍ፣ የሻይ ማንኪያ፣ አንድ ክንድ ያህል ክርና ውሃ በግማሽ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ብቻ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ላርም። ልጆች በትምህርት ቤት አምስት የስሜት ሕዋሳት እንዳሉ ይማራሉ፤ እነርሱም ዐይን፣ ጆሮ፣ አፍንጫ፣ ምላስና ቆዳ ናቸው። ቆጠራው ለጀማሪ ይበቃል፤ ነገር ግን ጆሮን በአንድ ተግባር ብቻ ይመዘግበዋል። ጆሮ ከመስማት ሌላ የሰውነትን ሚዛን የሚጠብቅ ስሜት አለው፤ ይኸውም ጨለማ ውስጥ ቆመን እንኳ ወደ የት እንዳዘነበልን የሚነግረን ነው። ወደ እርሱ በኋላ እንመለሳለን።

ደጁ

ከራስ ጎን ወጥቶ የሚታየው የጆሮ ክፍል በቆዳ የተሸፈነ ልም አጥንት ነው። እጥፋቶቹ ለጌጥ የተሠሩ አይደሉም፤ ከፊትና ከኋላ፣ ከላይና ከታች የሚመጣ ድምፅ በእነርሱ ላይ ሲያርፍ የየራሱን ለውጥ ይዞ ስለሚገባ አንጎል አቅጣጫውን ለመለየት ይጠቀምበታል። የግራና የቀኝ ጉዳይ ግን የሁለቱ ጆሮዎች የጋራ ሥራ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ከቀኝ የመጣ ድምፅ ወደ ግራ ጆሮ የሚደርሰው ከሰከንድ አንድ ሺኛ በሚያንስ ጊዜ ዘግይቶ ነው፤ አንጎልም ይህችን ቅንጣት ልዩነት ይለካታል።

ሙከራው እንዲህ ነው። ልጁን በክፍሉ መካከል በርጩማ ላይ ያስቀምጡና ዐይኑን በነጠላ ይሸፍኑ። በባዶ እግርዎ እየተዘዋወሩ ቁልፍ ያንኳኩ፤ ልጁ ድምፁ ወደ መጣበት በጣቱ ያመልክት። ብዙ ጊዜ አይስትም። ቀጥሎ አንዱን ጆሮውን በራሱ ጣት ደፍኖ ይድገመው፤ አሁን በተደጋጋሚ ወደ ክፍቱ ጆሮ በኩል እያመለከተ ይሳሳታል። ሁለቱም ጆሮዎቹ ክፍት ሆነው ሳለ የሚሳሳት ልጅ ካጋጠመዎት ሙከራውን እንደ ጨዋታ አድርገው አይለፉት። ጆሮ ደግፍ አንዳንድ ጊዜ የአንድን ጆሮ መስማት ጨርሶ ይወስዳል፤ እንዲህ ያለ ልጅ ፊት ለፊት ሲያናግሩት ደህና ስለሚሰማ ማንም ሳያውቅበት ዓመታት ያልፋሉ። ምልክቱ ትንሽ ነው፤ ከጓዳ ሲጠሩት «አቤት!» ይልና ወደ ውጭ ይሮጣል፤ ወይም «የት ነሽ?» ብሎ ይጠይቃል።

ከዚህ ወደ ውስጥ የሚገባው ቦይ በአዋቂ ሰው ላይ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ቀጥ ያለ ሳይሆን ጎበጥ ያለ ነው። ስለዚህ ውስጡን በባትሪ ማየት ወይም ጠብታ መጨመር የሚፈልግ ሰው ቦዩን ማቅናት ይኖርበታል፤ የአዋቂን ጆሮ ወደ ላይና ወደ ኋላ፣ የሕፃንን ጆሮ ግን ወደ ታችና ወደ ኋላ በቀስታ ይስባል። ኩክ የሚመነጨው በቦዩ ውጨኛ ክፍል ብቻ ነው፤ በጥልቁ ክፍል የሚያመርቱት ዕጢዎች የሉም። የቦዩ ቆዳ እያደገ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚሸሽ፣ አገጭም በማኘክና በመናገር ስለሚያግዘው፣ ኩክ በራሱ ጊዜ ወደ ደጅ ይወጣል። አቧራንና ተባይን ይይዛል፤ ቆዳውንም ከውሃ ይጠብቃል። ቆሻሻ ነው ብሎ በክብሪት እንጨት፣ በእስክርቢቶ ክዳን ወይም በጥጥ ዘንግ የሚቆፍር ሰው በገዛ እጁ ኩኩን ኩክ ወደማይፈጠርበት ጥልቅ ክፍል ይገፋውና ያጭቀዋል። እኔ ራሴ በተማሪነቴ ጥጥ የጠቀለልኩበት የክብሪት እንጨት ጫፉ ተሰብሮ ውስጥ ቀርቶብኝ፣ ያወጣልኝ ባለሙያ እንጨቱን አስቀድሞ አሳይቶኝ ቀጥሎ ከኋላው የተጠቀጠቀውን ኩክ አሳየኝ፤ የቱ እንደሚያሳፍር መለየት አቃተኝ።

ስለዚህ የደጁ ጽዳት በጣት ጫፍና በእርጥብ ጨርቅ፣ ጨርቁ እስከ ደረሰበት ድረስ ብቻ ነው። ኩክ በእርግጥ ደፍኖ መስማት ከቀነሰ፣ ጆሮው ምንም የማይመግልና ታምቡሩ ከዚህ ቀደም ያልተቀደደ ከሆነ፣ ጥቂት ጠብታ የወይራ ዘይት ለሦስት እስከ አምስት ቀን ጠዋትና ማታ እየጨመሩ ማለስለስ ይቻላል። የቀረው የጤና ባለሙያ ሥራ ነው፤ ባለሙያውም የሚያጥበው በሰውነት ሙቀት ልክ፣ ማለትም በ37 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ውሃ ነው። የውሃው ሙቀት ለምን እንደሚለካ ስለ ሚዛን ስንናገር ይገባናል።

ባዕድ ነገር ሲገባ ደግሞ የገባው ነገር ምንነት የእርምጃውን ዓይነት ይወስነዋል። ሕያው ነፍሳት ገብቶ ውስጥ ለውስጥ የሚርመሰመስ ከሆነ ጥቂት ለብ ያለ የምግብ ዘይት ጨምሮ ማስታገስ ይቻላል፤ ከዚያ ማስወጣቱ ለጤና ጣቢያ ይተው። ሽምብራ፣ ማሽላ ወይም በቆሎ ከሆነ ግን ውሃ ፈጽሞ አይጨመርም፤ እህሉ ይነፋና ቦዩን ይወጥረዋል። የሰዓት ወይም የመጫወቻ ክብ ባትሪ ከሆነ ሰዓታት የሚቆጠሩበት ጉዳይ ነው፤ ሥጋውን ያቃጥላልና ምንም ሳይጨምሩበት በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

በሩና እልፍኙ

በቦዩ መጨረሻ የተወጠረው ታምቡር የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል የሚሳሳ፣ ወርዱም ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሚሆን ስስ ሽፋን ነው። ሥራውን ለማየት ፌስታሉን በሳህኑ አፍ ላይ እንደ ከበሮ ቆዳ ወጥረው በላስቲክ ይሰሩት፤ ጤፉን በላዩ ላይ ይበትኑት። አሁን ትንፋሽዎ እንዳይነካው ፊትዎን ወደ ጎን አድርገው ወፍራም ድምፅ «ኡ» ብለው ያንጎራጉሩ፤ ወይም በአጠገቡ የብረት ድስት በማማሰያ ይምቱ። ጤፉ ይዘላል። እጅም ሆነ ነፋስ አልነካውም፤ ያንቀሳቀሰው በአየር ውስጥ ያለፈው ግፊት ነው። የድምፅዎን ቅጥነት ቀስ እያሉ ቢለውጡ ፌስታሉ ለአንዱ ድምፅ ይበልጥ እንደሚታዘዝ ያስተውላሉ። ከዚያም በፌስታሉ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጥለው ይድገሙት፤ ጤፉ አይንቀሳቀስም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ይሰክናል። ከታምቡር በስተ ኋላ ፈሳሽ የቋጠረ ሕፃን የሚሰማው እንዲህ እንደ ታፈነው ከበሮ ነው።

ከታምቡሩ ኋላ ባለው አየር የሞላበት እልፍኝ ሦስት ትንንሽ አጥንቶች ተያይዘው ይገኛሉ። ስማቸው ከአንጥረኛ ቤትና ከፈረስ ኮርቻ የተወሰደ ነው፤ መዶሻ፣ መስፍ፣ እርካብ ይባላሉ። የወሎዎቹን የየጁንና የወረሂመኖን ፈረሰኛ ያየ ሰው የሦስተኛውን ቅርጽ ለማሰብ ሥዕል አያስፈልገውም፤ በእርግጥም እርካብ ይመስላል። ቁመቱ ግን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ከሰው አጥንቶች ሁሉ ትንሹ ነው። ሦስቱ ያስፈለጉበት ምክንያት አለ። ጓዳው በፈሳሽ የተሞላ ነው፤ በአየር የመጣ ድምፅ ደግሞ ፈሳሽ ሲነካ አብዛኛው ተመልሶ ይነጥራል። በሐይቅ ዳር ቆሞ የሚጣራን ሰው ውሃ ውስጥ ጠልቆ የሚዋኝ የማይሰማው ለዚህ ነው። ታምቡሩ የተቀበለውን ኃይል አጥንቶቹ በስፋት 17 ጊዜ ገደማ በሚያንስ መስኮት ላይ ስለሚያሳርፉት፣ በጥቂቱም እንደ መፈንቅል ስለሚያግዙ፣ ግፊቱ 20 ጊዜ ያህል በርትቶ ወደ ፈሳሹ ይገባል።

እልፍኙ አየር የሚያገኝበት ጠባብ ቱቦ አለው፤ ከመካከለኛው ጆሮ ተነሥቶ ከአፍንጫ በስተ ኋላ፣ ከጉሮሮ በላይ ይከፈታል። ይህን ቱቦ ለማስተማር ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ከሚያወርደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ከሐረጎ፣ የተሻለ ቤተ ሙከራ አላውቅም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆኑ፣ ሚኒባስ ጠመዝማዛውን ሲወርድ የአየሩ ግፊት ግማሽ ሰዓት ገደማ በሚሆን ጊዜ ውስጥ በ8 በመቶ ያህል ይጨምራል። ቱቦው ካልተከፈተ በእልፍኙ ውስጥ የቀረው አየር አሁንም የደሴ አየር ነው፤ የውጩ ግፊት ታምቡሩን ወደ ውስጥ ይጫነዋል፤ ጆሮ ይደፈናል፤ ሕፃን ከሆነ ያለቅሳል። አንድ ቀን በዚሁ መንገድ ላይ አንዲት ወጣት እናት ልጇ ጆሮውን እየጎተተ ሲጮህባት ተጨንቃ አውርዱኝ ልትል ደርሳ ነበር፤ ከጎኗ የተቀመጡ አሮጊት፣ «አብሽሪ ልጄ፣ ጡትሽን ስጪው፤ ሲውጥ ይለቀዋል» አሏት። ልጁ ሦስት አራቴ ከሳበ በኋላ ዝም አለ። አሮጊቷ የቱቦውን ስም ባያውቁም ሥራውን አውቀውታል፤ በመዋጥና በማዛጋት ጊዜ የላንቃ ጡንቻዎች ቱቦውን ይከፍቱታል።

አዋቂ ሰው ምራቁን ይዋጥ፣ ያዛጋ ወይም ማስቲካ ያኝክ። ካልተከፈተለት አፍንጫውን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ አፉን ዘግቶ፣ በጣም በቀስታ ይንፋ፤ «ጧ» ሲል ያቁም። በኃይል መንፋት ታምቡርን ሊጎዳ፣ ጉንፋን የያዘውን ሰው ንፍጥም ወደ እልፍኙ ሊያስገባ ስለሚችል ጉንፋን ያለበት ሰው ይህን ትቶ በመዋጥ ብቻ ይርዳ። ሽቅብ ሲወጡ ችግሩ የሚቀለው በእልፍኙ ያለው አየር እየሰፋ ቱቦውን ራሱ ገፍቶ ስለሚወጣ ነው።

የሕፃናት ቱቦ ከአዋቂዎቹ አጭርና ይበልጥ አግዳሚ ነው። የጉሮሮ ተሕዋስ በቀላሉ ወደ እልፍኙ ይሻገርበታል፤ ልጆች ደጋግመው ጆሮ የሚመግልባቸው በአመዛኙ በዚህ ነው። ጡት ማጥባት ሕፃኑን ይጠብቀዋል፤ ጠርሙስ የሚጠባ ከሆነ ራሱን ቀና አድርጎ ማጥባት፣ ከምድጃ ጭስና ከሲጋራ ማራቅም እንዲሁ።

ጓዳው

እርካቡ የሚገፋው ፈሳሽ የሚገኘው ኮክሊያ በሚባል፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ሁለት ዙር ተኩል ያህል በተጠመዘዘ የአጥንት ዋሻ ውስጥ ነው። ቢዘረጋ 35 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። በርዝመቱ የተነጠፈው ሽፋን በመግቢያው በኩል ጠባብና ጠንካራ፣ በጫፉ በኩል ሰፊና ልል ነው፤ ስለዚህ ቀጭን ድምፅ መግቢያው አጠገብ፣ ወፍራም ድምፅ ጫፉ ላይ ሽፋኑን ከፍ ያደርገዋል። ድምፅ በሽፋኑ ላይ እንደ ሞገድ መጓዙ የሳይንቲስቱ የጊዮርግ ፎን ቤኬሺ ግኝት ሲሆን፣ በ1961 የኖቤል ሽልማትን አስገኝቶለታል፤ ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ወሎዬ ሩቅ አይሄድም። ከአገራችን ሙዚቃ ዋና ዋና ቅኝቶች መካከል ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ከገዛ አገሩ ቦታዎች ጋር ስም ይጋራሉ። እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፆች አሉት፤ አንዱን ከሌላው የሚለየው በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። ማሲንቆ አንድ ጭራ ብቻ ኖሮት ሁሉንም የሚጫወተው ጣት ጭራውን ባሳጠረው መጠን ድምፁ ስለሚቀጥን ነው። በኮክሊያ ውስጥ ደግሞ ለእያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ቦታ ተመድቦለታል፤ የትዝታን ዜማ ወደ ባቲ የለወጠ አዝማሪ በአድማጩ ጆሮ ውስጥ የሚነኩትን ቦታዎች ለወጠ ማለት ነው። ወጣት ጆሮ በሰከንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ይሰማል፤ የላይኛው ጫፍ ግን ከዕድሜ ጋር ይቀንሳል።

በሽፋኑ ላይ በረድፍ የቆሙት፣ እንቅስቃሴውን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡት ፀጉር መሰል ሕዋሳት በአንድ ጆሮ 15,000 ያህል ናቸው። ዐይን ብርሃን የሚቀበሉ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዋሳት እንዳሉት ሲታሰብ ይህ ቁጥር አስደንጋጭ ነው። በመስከረም በደላንታ ሜዳ ነፋስ በገብስ ማሳ ላይ ሲያልፍ ገብሱ ጎንበስ ብሎ ቀና ይላል፤ ከብት የተኛበት ግን ወድቆ ይቀራል። ሕዋሳቱም እንዲሁ ናቸው። ከወፍጮ ቤት ወይም ከሠርግ ድምፅ ማጉያ አጠገብ ውለን ጆሯችን ጭው ብሎ በማግስቱ የሚመለሰው ጎንበስ ብለው ቀና ስላሉ ነው፤ በተደጋገመ ጊዜ ግን ይሞታሉ፤ በሰው ልጅ ዘንድ የሞተው ሕዋስ በሌላ አይተካም። እዚህ ላይ የሚሰጥ መድኃኒት ስለሌለ መመሪያው ሁሉ ጥንቃቄ ነው።

መጠኑን ለማወቅ የዓለም ጤና ድርጅት የሚጠቀምበት ስሌት ለማስታወስ ቀላል ነው። 80 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) የሆነ ድምፅ ለአዋቂ በሳምንት 40 ሰዓት ይፈቀዳል፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ሒሳብ 90 ዴሲቤል በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ፣ 100 ዴሲቤል ደግሞ ከግማሽ ሰዓት በታች ይደርሳል። መለኪያ ለሌለው ሰው ክንዱ ይበቃዋል፤ አንድ ክንድ ርቆ የቆመውን ሰው ለማናገር መጮኽ ካስፈለገ ቦታው ጆሮን የሚጎዳ ነው። በወፍጮ፣ በብየዳ፣ በሽመና ማሽን ላይ የሚውል ሰው የስፖንጅ የጆሮ መድፈኛ ያስፈልገዋል። አደራረጉም ስልት አለው፤ መድፈኛውን በጣት አድቅቀው ይጠቅልሉት፤ በሌላው እጅ ጆሮውን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርገው ያስገቡት፤ እስኪነፋ በጣትዎ ይዘው ይቆዩ። ብዙዎች የሚጠቀሙበት ደረቅ ጥጥ ድምፅን እምብዛም አያግድም፤ የተጠበቁ እየመሰላቸው መዋላቸው ደግሞ የከፋ ነው። በስልክ ማዳመጫ የሚሰማ ልጅ አጠገቡ ቆመው በተለመደ ድምፅ ሲጠሩት የማይሰማ ከሆነ ድምፁን ይቀንስ።

ድምፅ ብቻ አይደለም። ማጅራት ገትር፣ ኩፍኝና ጆሮ ደግፍ ጓዳውን ሊጎዱ ይችላሉ፤ ጄንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን የተባሉት የመርፌ መድኃኒቶችም እንዲሁ። በእነዚህ መድኃኒቶች ሕክምና ላይ ሳለ ጆሮው የጮኸበት ወይም የዞረበት ሰው መርፌውን በራሱ ሳያቋርጥ በዚያው ቀን ለሐኪሙ ይንገር። በአንጻሩ የልጆችን ክትባት በጊዜው ማስጨረስ ለጓዳው የሚደረግ፣ በቤተሰብ አቅም ያለ ትልቁ ጥበቃ ነው።

የቱ እንደ ተበላሸ መለየት

ድምፅ ወደ ጓዳው የሚገባበት ሌላ መንገድ አጥንት ነው። ማንኪያውን በክሩ መካከል ያንጠልጥሉ፤ የክሩን ሁለት ጫፎች በሌባ ጣቶችዎ ላይ ጠቅልለው ጣቶችዎን በጆሮዎ ቀዳዳ ላይ ያኑሩ፤ ከዚያ ማንኪያው ጠረጴዛ ይንካ። ተራ የማንኪያ ድምፅ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ሆኖ ይሰማዎታል፤ ክሩና ጣቱ ድምፁን ደጁን ሳያስነኩ ወደ ውስጥ አድርሰውታል። ልጆች ይህን ሙከራ ስለሚወዱት ሌላ ትምህርት ከመጀመርዎ አስቀድመው ማንኪያውን ይደብቁ፤ አለዚያ ማስተማር አይቻልም።

ጠቃሚው ሙከራ ግን ምንም ዕቃ አይፈልግም። አፍዎን ዘግተው «እምምም» እያሉ ያንጎራጉሩና አንዱን ጆሮ በጣት ይድፈኑ፤ ድምፁ ወደ ተደፈነው ጆሮ ይሄዳል። ነገሩ ተቃራኒ ይመስላል፤ ነገር ግን በአጥንት የሄደው ድምፅ በተደፈነው በኩል መውጫ ሲያጣና የውጩ ጫጫታም ሲቀንስ ይበልጥ ይጎላል። ስለዚህ አንድ ጆሮው የደከመበት ሰው ጣቱን ሳያስገባ ቢያንጎራጉርና ድምፁ በደከመው ጆሮ ቢጎላ፣ ችግሩ ምናልባት በደጁ ወይም በእልፍኙ ነው፤ ማለትም ኩክ፣ ፈሳሽ ወይም የተቀደደ ታምቡር ሊሆን ይችላል። በደህናው ጆሮ ቢጎላ ግን ጓዳው ይጠረጠራል። ሐኪሞች ይህንኑ በብረት ሹካ መሰል መሣሪያ ያደርጉታል። የቤቱ ሙከራ ፍንጭ እንጂ የምርመራ ውጤት አይደለም፤ ቢሆንም ለባለሙያው «አመመኝ» ከማለት የበለጠ ይነግረዋል።

የመስማትን መጠን በሹክሹክታ መፈተን ይቻላል። ከሰውዬው በስተ ኋላ አንድ ክንድ ያህል ርቀው ይቁሙ፤ አፍዎን እንዳያይ ከኋላ መሆንዎ ግድ ነው። የማይፈተነውን ጆሮ በጣት ደፍኖ ያሻሽ። ትንፋሽዎን ከአስወጡ በኋላ «4፣ ሰ፣ 7» የመሰለ ሦስት ነገር ሹክ ይበሉ፤ ካልመለሰ በሌላ ሦስት ይድገሙ። ከስድስቱ ሦስቱን መመለስ ያልቻለ ሰው መመርመር አለበት።

ሕፃን ሹክሹክታ አይደግምም፤ የሚታየው ጠባዩ ነው። ስድስት ወር ሆኖት ወደ ድምፅ የማይዞር፣ ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ የማያውቅ ወይም «ባባ፣ ማማ» የማይል ሕፃን «አባቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው» ተብሎ መቆየት የለበትም። ቋንቋ የሚዘራበት ወቅት እንደ በልግ ዝናብ ነው፤ ካለፈ የሚካካሰው በብዙ ድካም ነው። የመስማት ችግሩ ከተረጋገጠም መሣሪያ ወይም የምልክት ቋንቋ ቶሎ ሲጀመር ልጁ ያለ ቋንቋ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል።

ሚዛኑ

በዚያው ጓዳ ውስጥ በሦስት አቅጣጫ የተቀመጡ ሦስት ግማሽ ክብ ቦዮች አሉ። የፕላስቲክ ጠርሙሱን በእጅዎ ይዘው በቦታዎ ይዙሩና ድንገት ይቁሙ፤ ጠርሙሱ ቆሞ ሳለ ውሃው ለጥቂት ጊዜ መዞሩን ይቀጥላል። በጆሮ ያለው ፈሳሽም ከቆምን በኋላ እየዞረ ለአንጎል «ገና እንዞራለን» ስለሚል ይዞርብናል። ቀዝቃዛ ውሃ በጆሮ ሲገባ ፈሳሹ በሙቀት ልዩነት ይንቀሳቀስና በርጩማ ላይ የተቀመጠውን ሰው ያንገዳግደዋል፤ ይህን የመረመረው ሮበርት ባራኒ በ1914 ኖቤል ተሸልሟል። ጆሮ የሚታጠብበት ውሃ ሙቀቱ የሚለካውም በዚህ ምክንያት ነው።

የሚመግል ጆሮ

በአካባቢያችን ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የመሐከለኛው ጆሮ ሕመም ሲበረታ መግሉ ታምቡሩን ቀዶ ይወጣል፤ ሕመሙም በዚያው ይቀልላል። ቤተሰብ «ፈሰሰለት፣ ተሻለው» ብሎ የሚዘናጋው በዚህ ጊዜ ነው። ቅቤ፣ የጤና አዳም ጭማቂ፣ ነጭ ሽንኩርት የተጠበሰበት ዘይት ወይም የጡት ወተት የሚጨመረውም በዚሁ ጊዜ ነው። ቀደም ብዬ ለደረቀ ኩክ የፈቀድኩት ዘይት እዚህ የተከለከለው በሩ ክፍት ስለሆነ ነው፤ የተጨመረው ሁሉ በቀጥታ ወደ እልፍኙ ይገባል።

ትክክለኛው እርምጃ ማድረቅ ነው። ንጹሕና ውሃ የሚመጥ የጥጥ ጨርቅ እንደ ጧፍ ፈትል ጠምዝዘው በቀስታ ያስገቡት፤ ሲረጥብ አውጥተው ይጣሉት፤ አዲስ ያስገቡ፤ ደረቅ ሆኖ እስኪወጣ ይድገሙ። በቀን ሦስት ጊዜ ይደረጋል። ገላ ሲታጠብ ቫዝሊን የተቀባ ጥጥ ደጁ ላይ ይደረግ፤ ከታጠበ በኋላ ይውጣ። ይህን እያደረጉ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ መግሉ ከጀመረው 14 ቀን ካልሞላው የሚሰጠው ሕክምና ከሞላው የተለየ ስለሆነ የጀመረበትን ቀን ይዘው ይሂዱ።

ከጆሮው በስተ ኋላ ያለው አጥንት ካበጠና ጆሮውን ወደ ፊት ከገፋው፣ ትኩሳትና የአንገት መድረቅ ካለ፣ ፊት ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ ወይም አንድ ጆሮ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት መስማት ካቆመ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። የመጨረሻው በተለይ ሕመም ስለሌለው ይናቃል፤ ሕክምናው ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር የተሻለ ውጤት አለው። የአንገት በላይ ሐኪም በየወረዳው ስለማይገኝ ጤና ጣቢያው እርስዎን የላከበትን ወረቀት አይጣሉ።

ከአዛውንት ጋር መነጋገር

በዕድሜ የሚመጣው የመስማት መድከም የሚጀምረው ከኮክሊያው መግቢያ፣ ማለትም ከቀጭን ድምፆች ነው። ተናባቢዎቻችን ሰ፣ ሸ፣ ፈና ተ የቀጭን ድምፅ ወገን ናቸው፤ አናባቢዎቹ ወፍራም ናቸው። ስለዚህ «ሳል»፣ «ሻል»፣ «ጣል» ለአዛውንቱ ጆሮ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆኑበታል፤ «ድምፅሽ ይሰማኛል፣ የምትይው ግን አይገባኝም» ሲሉ በትክክል የሚሆነውን እየተናገሩ ነው። መጮኽ በይበልጥ አናባቢዎቹን ስለሚያጎላ ንግግሩን ይበልጥ ያደበዝዘዋል፤ የሚጮህ ሰው ፊትም የተቆጣ ይመስላል።

ቡና ሲፈላ አባባን ከበሩ ትይዩ ሳይሆን ጀርባቸውን ለብርሃኑ ሰጥተው እንዲቀመጡ ያድርጉ፤ ብርሃኑ በእርስዎ ፊት ላይ ሲያርፍ ከንፈርዎን ያነብባሉ። ራዲዮኑን ይዝጉ። መጀመሪያ «አባባ» ብለው ጠርተው እስኪዞሩ ይጠብቁ፤ ከዚያ በተለመደ ድምፅ፣ ዘግየት ብለው፣ አፍዎን በነጠላ ሳይሸፍኑ ይናገሩ። ያልገባቸውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ አይድገሙት፤ ቃሉን ይለውጡት። «ስኳር ላርግልዎ?» ያልተሰማ እንደሆነ ማሰሮዋን እያሳዩ «በጨው ነው በስኳር የሚጠጡት አንቱ?» ቢሏቸው መልሱ ከሁለት አንዱ ስለሚሆን ይቀልላቸዋል።